ምንም ያላደረገው ሰው

ይህ ነገር የደረሰው ሚሌኒየሙ ከመከበሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በክረምት ነው። ያኔ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ የምማር የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ ሮብ ገበያ አጠገብ ካለው ቀበሌያችን ገብቼ ከቤተሰቦቼ ጋር ነበርኩ። ታላቅ እህቴን የቀበርኩበት ክረምት ስለሆነ እስክሞት አልረሳውም። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ሐዘኑ አይደለም። ሐዘን ውሎ አድሮ ይቀላል። ያልቀለለኝ ከቀብሩ በኋላ የተሰጠው ፍርድ ነው።

በቅርቡ አንድ ሐኪም በሬዲዮ ስለ አንጎል ሲናገሩ ሰማሁ። የሰው አንጎል በሌላው ሰው ላይ ሲፈርድ ሁለት ነገር ይመዝናል አሉ፤ ሰውየው ምን አስቦ እንደሠራና ከሥራው ምን እንደመጣ። የመጣው ነገር የከፋ ሲሆን ግን ሐሳቡን አይቶ መፍረድ ይከብደናል አሉ። ዕቃ እያጠብኩ ነበር የምሰማው። እጄን ከውኃው አወጣሁና ቆሜ ቀረሁ። "እኛን አገር ያውቁታል ማለት ነው?" አልኩ ለሬዲዮው።

እህቴ ጥሩዓለም የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። ምጥ ይዟት አደረ። ሲነጋ የመንደራችን አዋላጅ "ልጁ አልዞር አለኝ፤ ይቺን ሴት ሐኪም ይያት" ብላ እጇን ሰበሰበች። ወንድሜ አለኸኝ፣ የእህቴ ባልና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዝናብ፣ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። "በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አትወልድም። አሁኑኑ ማርቆስ ውሰዷት" አለችን።

በምን እንውሰዳት? አምቡላንስ የሚባለውን ነገር ያን ጊዜ የምናውቀው በስሙ ነው። አውቶቡሱም በክረምቱ ጭቃ ከመጣ ሰንብቷል።

ከከተማዋ መኪና የነበረው እንየው ነው። አገሩ ሁሉ አያ እንየው ይለዋል። እኔም አንቱ እያልኩት ነው ያደግኩት፤ አሁን ልጽፍ ስቀመጥ ግን ብዕሬ አንቱ አልለው አለኝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። የእህል ነጋዴ ነው። ሰው ሲጣላ ከሽማግሌዎች መሐል እሱ ይቀመጣል። "የሰው ፊቱን አይቼ ልቡን አነባለሁ" ማለት ይወዳል። ባለጉዳይ ቀርቦ ገና አፉን ሳይከፍት "አንተ እንዲህ ልትል ነው የመጣኸው" ይለዋል። ሰው ይደነቅለታል። ማንም ልብ ያላለው ነገር፣ በእሱ ንባብ ድሃ ሁልጊዜ ክፉ አሳቢ፣ ባለጸጋ ሁልጊዜ ቅን አሳቢ ሆኖ መገኘቱን ነው።

ወንዶቹ እህቴን ይዘው ሲቆዩ እኔ ወደ እንየው ቤት ሮጥኩ። በሩን ስደበድብ ራሱ ወጣ። ፒካፑ ከግቢው ውስጥ ቆሟል።

"አያ እንየው፣ ጥሩዓለም ልትሞትብን ነው። ማርቆስ ያድርሱልን" አልኩት።

"ምጡ ከጀመራት ቆየ?"

"አድሯል።"

"ምስኪን!" አለ ከንፈሩን መጦ። "ምን ላድርግሽ ልጄ፣ ነዳጅ የለውም እኮ። ቢኖረው እንኳን ለአለኸኝ እህት ለማንስ ቢሆን። እመብርሃን ትርዳት።"

አመንኩት። እንዲያውም አሳዘነኝ። ጤና ጣቢያው ስመለስ ለወንድሜም "ነዳጅ የለውም" ብዬ ነገርኩት።

ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት በር ላይ ድንች የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ጌትነት የሚባል የደጀን ልጅ ነው፤ በእኛ መንገድ ስለሚመላለስ በመልክ እናውቀዋለን። የምንነጋገረውን ሰማ። ማን ናችሁ፣ ምን ትሰጡኛላችሁ አላለም። ጭነቱ ላይ ወጣና ጆንያ ማውረድ ጀመረ።

"የማን ድንች ነው?" አለው ወንድሜ ደንግጦ።

"የነጋዴ ነው።"

"ዝናብ ላይ ልትተወው?"

"ድንች ቢበሰብስ እንጂ አይሞትም" አለ ጌትነት፤ ሌላውን ጆንያ እየወረወረ። "ሳር አምጡና ከሥር አንጥፉላት። ሸራ አለኝ፣ ከላይ እንወጥርላታለን።"

ወንድሜ አለኸኝ ጎንበስ ብሎ የዚያን ልጅ ጉልበት ሳመ። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ተጓዝን። እህቴ ሳሩ ላይ ተኝታ፣ ባሏ ራሷን ታቅፎ፣ እኔ ሸራውን ይዤ። መንገዱ መንገድ አልነበረም። ሹፌሩ እንደ እንቁላል ነበር የሚይዘን። አንድ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን የሸረሸረበት ቦታ ስንደርስ የኋላው ጎማ ሰመጠ። ገፋን፣ አልወጣም። ወንድሜ፣ የእህቴ ባልና አብረውን የተጫኑት ጎረቤቶች በሬና ሰው ሊያመጡ ወደ ቅርቡ መንደር ሮጡ። ጌትነት ብቻውን ጭቃውን በአካፋ እየዛቀ፣ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ይጎሰጉስ ጀመር።

"ደረስን?" አለችኝ እህቴ።

"ተቃርበናል" አልኳት።

ከኋላችን የመኪና ክላክስ ተሰማ። ከመኪናው ላይ ዘልዬ ወረድኩና እጆቼን ዘርግቼ መንገዱ መሐል ቆምኩ። ፒካፕ ነው። የእንየው ፒካፕ ነው። ከጎኑ ሚስቱ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ከኋላ በጎች ተጭነዋል። ለካ ማርቆስ የሚማረው ልጁ ሊመረቅ ነው፤ በጎቹ ለድግሱ ናቸው።

መስኮቱን በእጅ ስፋት ያህል አወረደ።

"ነዳጅ ተገኘ?" አልኩት። ላሳፍረው ብዬ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው። እኛን ፍለጋ የመጣ መስሎኝ ነበር።

"ከሰው ተበድሬ ነው" አለኝ።

"እህቴን ይጫኑልኝ፤ ይኸውና እዚህ ናት።"

ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። "በጎቹን የት ላድርጋቸው?" አለኝ።

የምሩን ነበር። መልስ እስክሰጠው ይጠብቃል።

"እኔ እጠብቅልዎታለሁ! እዚሁ ይዤ እቆያለሁ!"

ጌትነት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣና እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። "ጋሼ፣ ሌላው ቢቀር ይጎትቱን። ገመድ አለኝ" አለው።

"ፍሪሲዮኑ ይቃጠልብኛል" አለ እንየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያጽናና ሰው፣ "ልጄ፣ እግዜር የጠራውን ነፍስ ማንገላታት ደግም አይደል" አለኝ። መስኮቱን ዘጋ። የመንገዱን ጠንካራ ጥግ ይዞ አለፈ። ስሙ እንየው ነው፤ እህቴን ግን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

ወንድሜ በሬዎች ይዞ ተመለሰ። ተጎትተን ወጣን። ማርቆስ ሆስፒታል የደረስነው ጀንበር ሳትጠልቅ ነው። እህቴን ወዲያው አስገቧት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቱ በሕይወት ወጣች፣ አለቀሰች፣ ሰማናት። እህቴ ግን ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት አረፈች። ሐኪሙ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ" አለ።

ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ወንድሜ ላይ እንደ እሾህ ተሰካች።

ጌትነት ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናው ውስጥ ነበር ያደረው። አስከሬኑንም ወደ ቤት የመለሰልን እሱ ነው። ያወረደው ድንች ግማሹን ከብት ረግጦት፣ ግማሹ ረጥቦ ጠበቀው። ቀብሩ ላይ አፈር አልብሶ ሄደ።

ወሬው የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። መጀመሪያ አንዱ "ያን ሁሉ ድንች እስኪያወርድ ነው ጊዜው ያለፈው" አለ። ሌላው "ለመሆኑ በላይኛው መንገድ ለምን አልሄደም?" አለ። ሌላዋ "የደጀን ሹፌር መቼም ሳይጠጣ አይነዳ" አለች። አንድ ሰው ያሰበው፣ ሌላው የሰማው፣ ሦስተኛው ያየው ሆነ። አርባዋ ሳይወጣ ያ ልጅ ሰክሮ፣ አውቆ፣ ጭቃ ውስጥ የከተተን ሰው ተደረገ። ሲያወሩ የእህቴ ልጅ አያቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ትሰማለች። ማን በሕይወት አመጣት? ብሎ የጠየቀ የለም።

ወንድሜ ጠመንጃውን መወልወል ጀመረ። "በዚህ መንገድ ሲያልፍ አገኘዋለሁ" ይላል።

"አለኸኝ፣ ጉልበቱን ስመኸዋል እኮ!" አልኩት።

"ያኔ መች አወቅኩ?"

"ምኑን ነው አሁን ያወቅከው? እንየው እያየን ትቶን አልፏል። እኔና ጌትነት ከፊቱ ቆመን ለምነነዋል።"

ትከሻውን ነቀነቀ። "ሰው በንብረቱ አይጠየቅም" አለኝ።

ጉዳዩ ደም ሊያፋስስ መሆኑን የነፍስ አባታችን ቄሱ ሲሰሙ ሽማግሌ አስቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ጌትነት መኪናውን ከተማ ትቶ በእግሩ ብቻውን መጣ። ፈርቶ እንደነበር ከንፈሩ ይናገራል፤ ግን መጣ። ከሽማግሌዎቹ መሐል፣ በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ፣ ጋቢውን አጣፍቶ የተቀመጠው ማን ነው? እንየው ነው።

ሥራውን ሳልረሳ ልናገር፣ ንግግር ያውቃል። "የዚህን ልጅ ፊት እዩት" ብሎ ጀመረ። "እኔ አይቼዋለሁ። ለጽድቅ የጫናት መሰላችሁ? አይደለም። ሰው ጎበዝ እንዲለው ነው። ውዳሴ ከንቱ ይባላል። መንገዱ እንደማያሳልፍ ልቡ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም መወደስ አማረው። በውዳሴ ከንቱ የሰው ነፍስ ጠፋ።"

ራሶች ተነቀነቁ። ያ ሁሉ ጥምጣምና ያ ሁሉ ሽበት ተነቀነቀ። የሬዲዮው ሐኪም ያሉት፣ የሰውን ሐሳብ የሚመዝነው አንጎል በእነዚያ ራሶች ውስጥም እንደነበረ ዛሬም በግድ ነው የማምነው።

ከሴቶቹ መሐል ተነሳሁ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። "አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አልኩ ለቄሱ።

"ተናገሪ ልጄ።"

"አያ እንየው፣ የጌትነትን ልብ አነበቡልን። ደግ። አሁን የራስዎን ያንብቡልን። ጠዋት ነዳጅ የለኝም አሉኝ። ከሰዓት ጭቃ ላይ ቆመን ደረሱብን። እህቴን ይጫኑልኝ ስልዎ በጎቹን የት ላድርጋቸው አሉኝ። ያን ሲሉ ልብዎ ውስጥ ምን ነበር?"

እንየው የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። አልደነገጠም። እንዲያውም አዘነልኝ።

"ሐዘን ነው የሚያናግራት" አለ ለሽማግሌዎቹ። "አልዋሽም፣ አልፌያለሁ። ታዲያ እኔ ሴትዮዋን ነካኋት? ጫንኳት? ጭቃ ውስጥ ከተትኳት? እኔ ምን አደረግሁ?"

አንድ ሽማግሌ "እሱ እንኳ ምንም አላደረገም" አለ። ሌላውም "እውነት ነው፤ ምንም አላደረገም" አለ። ተቀባበሉት። ያን ቀን ገባኝ፤ እኛ ዘንድ ምንም አለማድረግ ምስክር የማያሻው ጽድቅ ነው። እጁን ያስገባ ይጠየቃል፤ እጁን ኪሱ የከተተ ፈራጅ ይሆናል።

ቄሱ ወደ ጌትነት ዞሩ። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ የምትለው እውነት ነው? መኪናው አልፏችሁ ነበር?"

ጌትነት እኔን አየኝ። ከዚያ እንየውን አየ። ከዚያ ወንድሜ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ጠመንጃ አየ። "አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ለመታረቅ እንጂ ሰው ለመክሰስ አይደለም" አለ። ወደ እኔ ዝቅ ባለ ድምፅ "እህቴ፣ ተይው" አለኝ።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ጌትነት ክፉ እንዳላሰበ በመስቀል ይምላል። ከዚያ እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ተንበርክኮ፣ የሟቿን ወንድም ይቅርታ ይለምናል።

ማለ። ድንጋዩን ራሱ ከመሬት አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገው። ጭቃው ላይ በጉልበቱ ሄደ። ያ በዝናብ ድንች ያወረደ ልጅ፣ ያ ጭቃ የዛቀ ልጅ፣ "ማሩኝ፣ ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ" ይላል። ወንድሜ ጥቂት አስጠብቆት "ለእግዜር ብያለሁ" አለና ድንጋዩን አወረደለት። ሴቶች እልል አሉ። እንየው ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋና መረቀ፤ "መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህን ያቅናልህ" አለው። ልብህን!

ቄሱን በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ። "ልጄ፣ ያን ሹፌር ከሞት ማትረፍ ነበረብኝ፤ እውነቱን ባነሣ ወንድምሽ ሁለት ሰው ይገድል ነበር" አሉኝ። የእሳቸው ይገባኛል። የሌሎቹ ግን አይገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈልግም። የዕርቁን ጠላ ሳልቀምስ ተነስቼ ሄድኩ።

እንየው ዛሬም አለ። አርጅቷል፣ ግን አሁንም ያሸማግላል፣ አሁንም የሰው ልብ ያነባል። አገር ቤት ስገባ መንገድ ላይ ካገኘኝ "ደህና ነሽ ልጄ? ያቺ የእህትሽ ልጅ አደገች?" ይለኛል። እግዜር ይመስገን ብዬ አልፋለሁ። ዘመዶቼ ቂም ይዘሻል ይሉኛል። ቂም አይደለም። ቂም የሚያዘው ከሚመጥን ሰው ነው። እኔ የምንቀው ነው፤ በእርጋታ፣ ሳልቆጣ፣ ልክ እሱ መስኮቱን እንደዘጋው።

ከዓመታት በኋላ አስተማሪ ሆኜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን ደጀን ለምሳ ቆመ። ከምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ወፈር ያለ ሰው ትኩር ብሎ ያየኛል። ጌትነት ነው። ተነስቶ ሳመኝ።

"ልጅቱስ? አለች?" አለኝ መጀመሪያ።

"ትምህርት ቤት ገብታለች። ጎበዝ ናት።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ስሟን ማን አላችኋት?" አለኝ። ነገርኩት። ስሟን ቀስ ብሎ ደገመው። ለእኔ ምሳ አዘዘ፤ እምቢ ብለው አልሰማኝም። አሁን ከድሮው የሚተልቅ መኪና ይነዳል። በእኛ መንገድ መሄዱን ከተወ ቆይቷል።

ስንለያይ፣ ነገሩ እያሳፈረኝም ቢሆን፣ "ጌትነት፣ ሕዝባችን አስቀይሞሃል" አልኩት።

"የለም፣ አልቀየምኩም" አለ። "ግን ልንገርሽ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው አልጭንም። ባለፈው ክረምት ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እግሬ ፍሬን ላይ ሄዶ ነበር። ሚስቴና ልጆቼ ትዝ አሉኝ። ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ትፈርጂብኛለሽ?"

"አልፈርድብህም" አልኩት። እውነቴን ነው።

አውቶቡሱ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፊቴን ወደ መስኮቱ መልሼ አለቀስኩ። በዚያ ቃሬዛ ላይ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይጫነው፣ ማንም ይድረስለት ብዬ ጸለይኩ። እጅ ሲዘረጋለት የሚያቆም አንድ ሰው ነበረን። እሱንም ማለፍ አስተማርነው።